ከአሞሌ ጨው እስከ ባትሪ ድንጋይ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረናና የሳይንት ደጋዎች፣ ለእጅ ባትሪና ለራዲዮ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ ስሙ «ድንጋይ» ነው። ባለሱቁን «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ያለ ሰው ምን እንደ ፈለገ ማብራራት አያስፈልገውም። ይህ ጸሐፊ ፊደል የቈጠረበት ሰሌዳም የሚጠቁረው ኃይሉ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ በሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱ በአብዛኛው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ መሆኑን የተረዳው ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ሕዝቡ በስያሜው አልተሳሳተም፤ ባትሪ በእርግጥም ከድንጋይ የሚወጣ ነገር ነው። ጥያቄው ድንጋዩን ማን ቈፈረው፣ ማን አነጠረው፣ ትርፉስ በማን እጅ ቀረ የሚለው ነው።

የወሎ ደጋ ሰው ከሩቅ ቈላ ከሚመጣ ማዕድን ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተፈለጠና እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ በግመል ወደ ትግራይ ገበያዎች ይደርስ፣ ከዚያም በሲራራ ነጋዴዎች አህያና በቅሎ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። አሞሌ ምግብ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን መገበያያ ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኝበትን የያኔውን የአማራ አገር አቋርጦ ያለፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ንግድ በጽሑፍ አስፍሮልናል። እንደ እርሱ አገላለጽ፣ በማውጫው ስፍራ ከ120 በላይ አሞሌ የሚገዛው አንድ ድራክማ፣ ንጉሡ ካሉበት ከተማ ሲደርስ የሚገዛው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። ጨው ያው ጨው ነው፤ ዋጋውን ያበዛው ጉዞው ነው። ስለዚህም ከፈላጩ ይልቅ በመንገዱ ላይ የቆመው ይከብር ነበር።

በዚያው በአፋር ምድር፣ በዳሎል፣ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ፖታሽ ከዓለም ገበያ በጠፋ ጊዜ፣ ኢጣልያውያን ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ፖታሽ ማውጣት ጀመሩ። ጦርነቱ አብቅቶ የጀርመን ፖታሽ ሲመለስ ግን ሥራው ቆመ። ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ስፍራ ዕድሉ የሚወሰነው ከእርሱ ርቆ በሚገኝ ገበያ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚፈልገው ሊቲየም፣ ኒኬል፣ ኮባልት፣ ማንጋኒዝ፣ ግራፋይትና ፎስፌት ነው። ሊቲየምን በመካነ ሰላም ደጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ደጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነውና። የሊቲየም ድንጋይ ያለው እጅግ በሚያረጀው የደቡብ መሠረተ ምድር፣ በጉጂ ዞን በቀንጢቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዚያ የተቋቋመው ማምረቻ ታንታለምን እየለየ ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። ሊቲየም የያዘው ስፖዱሚን የተባለው ማዕድንም የሚገኘው በዚያው አለት ውስጥ ነው።

ስፖዱሚን ወደ ባትሪ ግብዓትነት የሚለወጥበት መንገድ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ድንጋዩ ተፈጭቶ በ1,050 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠላል፤ ቀጥሎ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በ250 ዲግሪ አካባቢ ይጠበሳል፤ ከዚያም በውኃ ሟሙቶ ከተጣራ በኋላ ሶዳ አሽ ሲጨመርበት ሊቲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። ይህም አሞሌን የሚያስታውስ ነጭ ጨው ነው። ልብ እንበል፦ ሰልፈሪክ አሲድ ለማምረት በአዋሽ መልካሳ፣ ሶዳ አሽ ለማምረት ደግሞ በአብያታ ሐይቅ ዳር ፋብሪካዎች በአገራችን ተቋቁመዋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ያለ ዋጋ አይገኝም። ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመጠለፋቸውና ውኃው ለሶዳ አሽ በመሳቡ የአብያታ ሐይቅ በእጅጉ ሸሽቷል። ኬሚካሉን ስንቈጥር ሐይቁንም መቍጠር ይገባናል።

ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። መኪናው ሲመጣ ባትሪውም ተሠርቶ አብሮት ይመጣል። ከፍተኛውን የሊቲየም ድንጋይ የምታወጣው አውስትራሊያ እንኳ አብዛኛውን ለማጣራት የምትልከው ወደ ቻይና ነው፤ ከዓለም ሊቲየም ከግማሽ የሚበልጠውም የሚጣራው በዚያ ነው። በአሞሌ ዘመን ዋጋን ያበዛው የመንገዱ ርቀት ነበር፤ በእኛ ዘመን የሚያበዛው የማጥራቱ ጥበብ ነው። ቈፍሮ ብቻ የሚሸጥ አገር ዛሬም በ120 አሞሌ አንድ ድራክማ የሚቀበለውን ፈላጭ ይመስላል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም የኬሚካልና የማዕድን መሐንዲሶች፣ ከትልቅ ፋብሪካ ምኞት በፊት አንድ ትንሽ ሥራ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ የቀንጢቻን ድንጋይ በአገር ውስጥ አሲድና ሶዳ አሽ በቤተ ሙከራ መጠን አጣርቶ፣ ወጪውንና ዝቃጩን መዝግቦ ማቅረብ። ውጤቱ አያዋጣም የሚል ቢሆን እንኳ፣ በራሳችን እጅ መዝነን ያገኘነው ዕውቀት ይሆናል። በመካነ ሰላም ሰሌዳ ያጠቈረው ዱቄት ከሌላ አገር የመጣ ነበር፤ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ግን እኛው መወሰን እንችላለን።