ዕቃው ስለ ሸማቹ ሲናገር፦ የሸቀጥ ምልክት ታሪክ ከጣና ዳርቻ እስከ ራዲዮ መለያ

በንብረት ላይ ምልክት ማኖር በአገራችን እንግዳ ልማድ አይደለም። በጣና ደሴቶችና በሐይቁ ዳርቻ በሚገኙት ገዳማት ተጠብቀው የቆዩትን ብራናዎች የተመለከተ ሰው፣ መጽሐፉ የየትኛው ገዳም ንብረት እንደ ሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ፣ ከዚያም ቀጥሎ መጽሐፉን የሰረቀም ሆነ የባለቤቱን ስም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ያገኛል። ግዝቱ መጽሐፉ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ይሁን እንጂ የሚከተለው ሌባውን እንጂ አንባቢውን አልነበረም። መጽሐፉን ማን እንዳነበበው፣ የትኛውን ገጽ ደጋግሞ እንደ ገለጠ ማስታወሻው አያውቅም፤ ሊያውቅም አልተጻፈም።

በገበያውም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር መገበያያ በነበሩበት ዘመን፣ ከዓባይ ማዶ የመጣው ሸቀጥ ከጎጃሙ ጋር በሚገናኝበት በባሶም ሆነ በሌሎቹ ገበያዎች፣ ምልክትን የሚመረምረው ተቀባዩ ሰው ራሱ ነበር። አሞሌው አለመሸረፉን በእጁ እያገላበጠ ያያል። በብሩም ላይ በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉት ነጥቦች አለመደምሰሳቸውን ሳያረጋግጥ አይቀበልም። ብሩ ግን ስለ ያዘው ሰው የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረውም። በዘጌ ለቡና የተከፈለ ብር በማግሥቱ በደንገል ታንኳ ተሳፍሮ ሐይቁን ቢሻገር፣ ትናንት በማን እጅ እንዳደረ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

ከዚህ ለየት ብሎ የሚታየው የባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ከተሞች እየተስፋፉ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሰው እየበዛ ሲሄድ ባለ ሱቁ ደንበኞቹን በስም መመዝገብ ግድ ሆነበት። በባሕር ዳርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒኩ ሲቋቋሙ እንዲህ ያለው ነዋሪ ቁጥሩ ጨምሯል። በዱቤ ደብተር ውስጥ የማን ቤት ምን ያህል ስኳርና ጋዝ እንደሚፈጅ፣ የማን ወር ቶሎ እንደሚያልቅ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ሱቅ ስለ ሸማቹ ማወቅ የጀመረው በመሣሪያ ዘመን ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዕውቀቱ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ የተወሰነ ነበር። ከዚህም በላይ ሒሳቡ ሲከፈል መስመሩ በገዢው ፊት በብዕር ይሰረዛል። ይህ መሰረዝ ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የቀረው ታሪክ ግን በዚሁ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ በየከተማው የነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ ተደነገገ። ቀበሌ ማለት ይኸው ነበር። ማኅበራቱ ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ እንዲሰበስቡ፣ የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ተሰጣቸው። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ሥልጣናቸውን አሰፋው፤ የአካባቢ ጥበቃም በእጃቸው ገባ። ከዚሁ ጋር የቀበሌ ኅብረት ሱቆች ተከፈቱ። እህሉ ከእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ የፋብሪካው ዕቃ ከአገር ውስጥ ማከፋፈያ ኮርፖሬሽን እየመጣ፣ ጤፉ፣ ጨዉ፣ ስኳሩና ሳሙናው ከነጻው ገበያ ባነሰ ዋጋ በራሽን ይታደል ጀመር።

የኅብረት ሱቁን ጥቅም መካድ ፍትሕ አይሆንም። ዕቃ በሚሰወርበትና ዋጋ በሚንርበት ወቅት ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ስኳር የቀመሰው በዚሁ ሱቅ ነው። ይሁን እንጂ የሱቁ አሠራር ከዱቤ ደብተሩ በመሠረቱ የተለየ ነበር። በራሽን ካርዱ ላይ የቤቱ ቁጥር፣ የአባወራው ወይም የእማወራው ስም፣ የቤተሰቡም ብዛት ይሰፍራል፤ የዕቃው መጠን በቤተሰቡ ልክ ይመደባል፤ ዕቃ በተወሰደ ቁጥር ምልክት ይደረግበታል። ካርዱን የሰጠው ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ቤት የሚያከራየው፣ ሸንጎ የሚያስችለው፣ ጥበቃውንም የሚያሰማራው ያው ቀበሌ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ በሚደረግበት ጊዜ ያልተመዘገበ እንግዳ በቤት መገኘቱ ምን ያህል አስጊ እንደ ነበረ በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። የ5 ሰው ራሽን የሚወስድ ቤት 5 ሰው ያለበት ቤት ነው፤ 6ኛው ሰው ከተገኘ መልስ ያሻዋል።

ይህን ሲሉ የራሽኑ መዝገብ ለአሰሳ ታስቦ ተዘጋጀ ማለት አይደለም፤ የተዘጋጀው ስኳር ለማዳረስ ነው። ታሪኩን ለመምህራን ጠቃሚ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መዝገብ በክፉ ሐሳብ ባይጀመርም፣ የሸማቹን ስም፣ ቤቱንና ፍጆታውን በአንድነት ከያዘ፣ የሚውልበት ተግባር የሚወሰነው መዝገቡን በያዘው እጅ ነው። ሱቁን ትቶ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ የሸማቹ ፈቃድ ትርጉም ያጣል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ኮታው ቀረ፤ ኅብረት ሱቆቹም ቀስ በቀስ የቀድሞ ቦታቸውን ለቀቁ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. የዋጋ ጣሪያ ከተደነገገ ወዲህ፣ ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በመዝገብ ሲታደል ሰልፉን ያዩ አረጋውያን የቀድሞውን ካርድ ማስታወሳቸው አልቀረም።

የራሽን ካርዱ በእኛ ከተሞች ከመታደሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በባሕር ማዶ ሌላ ዓይነት ምልክት ተወልዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በተባለች ከተማ፣ አንድ እሽግ ማስቲካ በላዩ የታተሙት ጥቁር መስመሮች በብርሃን ተነብበው ተሸጠ። ይህ ባርኮድ የተባለው ምልክት የሚናገረው የዕቃውን ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሳሙና ቢደረደር ሁሉም ያንኑ ቁጥር ይናገራል።

የራዲዮ መለያው ግን ከዚህ ይለያል። ከጥፍር ያነሰች የኤሌክትሮኒክ ቅንጣትና ቀጭን አንቴና ተጣብቀው የሚሠሩት ሲሆን፣ አብዛኛው ባትሪ የለውም። አንባቢ መሣሪያው የራዲዮ ሞገድ ሲልክበት ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ ቁጥሩን ይመልሳል። የሐሳቡ መነሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት ለመለየት የተደረገው ጥረት ነው፤ በተንጸባረቀ ኃይል መልእክት ስለ ማስተላለፍ ሃሪ ስቶክማን ያቀረበው ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ1948 ታትሟል። ወደ ሱቅ መደርደሪያ ለማውረድ የታቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምርምር ማዕከል ከተቋቋመ በኋላ ነው። በዚያ የተነደፈው ቁጥር ለዓይነቱ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጥ ነው። አንዱ ሳሙና ከሌላው ሳሙና ተለይቶ ይታወቃል። በተጨማሪም ባርኮድ ካልታየ አይነበብም፤ የራዲዮ መለያ ግን በከረጢት ውስጥ እንዳለ፣ እንደ ዓይነቱም ከጥቂት ሜትር ርቀት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊነበብ ይችላል።

ለነጋዴው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መጋዘኑን በደቂቃ ይቆጥራል፣ ስርቆትን ይከላከላል። ሸማቹ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 የኢጣሊያው ልብስ ሠሪ ቤኔተን ከፊሊፕስ ኩባንያ መለያዎችን ገዝቶ በልብሶቹ ላይ ሊሰፋ ነው የሚል ዜና ሲሰማ፣ በአሜሪካ በካትሪን አልብሬክት የተመራ የሸማቾች ንቅናቄ ልብሱ አይገዛ ሲል ጥሪ አደረገ፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ወር መለያውን ሥራ ላይ እንዳላዋለ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ በሚገኝ የቴስኮ መደብር፣ የጂሌት ምላጭ ከመደርደሪያ ሲነሣ ያነሣውን ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣ አሠራር ሲሞከር እንደ ነበር ታወቀ። በጀርመንም በራይንበርግ ከተማ ሜትሮ የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ ባደለው ካርድ ውስጥ መለያ እንዳለ ሳይነግራቸው ቀርቶ ነገሩ ስለ ተገለጠ፣ በ2004 መጀመሪያ ካርዱን ለመሰብሰብ ተገደደ። ከሦስቱ የሜትሮው ለእኛ የሚቀርበን ነው፤ የዕቃው ቁጥርና የሰውዬው ስም የሚገናኙት በካርድ ነውና።

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ያወጣው ምክር፣ ሸማቹ ይቆይልኝ ካላለ በቀር፣ ወይም የሚያሰጋ ነገር አለመኖሩ በጥናት ካልተረጋገጠ በቀር፣ መለያው በክፍያው ቦታ ወዲያው፣ ያለ ዋጋ እንዲነሣ ወይም ዲዳ እንዲሆን የሚል ነው። ከብዙ ጥናትና ክርክር በኋላ የተደረሰበት መፍትሔ ባለ ሱቁ በብዕር ይሠራው የነበረው ሥራ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በአገራችን ሱቆች እስከ አሁን ጎልቶ የሚታየው ስለ ነጋዴው የሚናገረው መሣሪያ ነው። በደንብ ቁጥር 139/1999 የታዘዘው የሽያጭ መመዝገቢያ ሽያጩን ለግብር ሰብሳቢው ያስታውቃል እንጂ በጥሬ ገንዘብ የገዛውን ሰው አያውቀውም። የገዛነው ዕቃ ስለ እኛ መናገር የጀመረው በስልክ ነው። እያንዳንዱ የሞባይል ቀፎ 15 አሃዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው፤ ሲም ካርዱ ደግሞ በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎዎችን መመዝገብ ሲጀምር ዓላማው ኮንትሮባንድንና ስርቆትን መከላከል ነበር። በዚህም የዕቃው ቁጥርና የሰው ስም ተገናኙ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ባለ 12 አሃዙ ፋይዳ፣ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ይዟል። ሰውም ዕቃም በየራሳቸው ነጠላ ቁጥር ሊጠሩ የሚችሉበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይፈተሽ ይከለክላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል፤ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተገለጸ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገውም ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ችግሩ ድንጋጌውን የሚያውቅ ሸማች ማፍራቱ ላይ ነው፤ ይህም ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሆን አይመስልም።

በታሪክ ወይም በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይህን ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የራሽን ካርድ ያቆየ ቤተሰብ ቢገኝ ካርዱን፣ ከሰፈር ሱቅ አንድ የተሰረዘ የዱቤ ገጽ ስሞቹን ሸፍኖ፣ አንድ የሽያጭ ደረሰኝና ባዶ የስልክ ካርቶን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ላይ የማን ስም እንዳለ፣ መዝገቡ በማን እጅ እንደ ሆነ፣ መቼም እንደሚሰረዝ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። በስልኩ ካርቶን አንጻር የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ መምህሩም ባዶውን ዓምድ ራሱ ከመሙላት ይልቅ ተማሪዎቹ ስልኩ የተገዛበትን ሱቅ ሄደው እንዲጠይቁ ቢያዝዝ ይሻላል።