ባንድዊድዝና ክሎክ ሬት በራውተሮች የሲሪያል መስመር

ባንድዊድዝና ክሎክ ሬት ሁለት ራውተሮችን በሚያገናኝ የሲሪያል መስመር ላይ የሚሞሉ ቁጥሮች ናቸው። ክሎክ ሬት ቢቶች በመስመሩ የሚያልፉበትን ፍጥነት ይወስናል፤ የሚጻፈውም በቢት በሰከንድ ነው። ባንድዊድዝ የመስመሩን አቅም ለራውተሩ ያሳውቃል እንጂ ፍጥነቱን አይለውጥም፤ የሚጻፈው በኪሎቢት በሰከንድ ነው። በመሆኑም በሲስኮ ራውተር ላይ የአንድ ባለ 64 ኪሎቢት መስመር ክሎክ ሬት 64000፣ ባንድዊድዙ 64 ተብሎ ይሞላል።

ክሎክ ሬት

በሲሪያል መስመር ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ምት መሄድ አለባቸው። ምቱን የሚሰጠው ወገን ዲሲኢ፣ የሚቀበለው ዲቲኢ ይባላል። ከቴሌ በተከራዩት መስመር ላይ ዲሲኢው ሞደሙ ስለሆነ ደንበኛው ራውተሩ ላይ ክሎክ ሬት አይሞላም። በቤተ ሙከራ ግን ሁለት ራውተሮች በቪ.35 ኬብል በቀጥታ ሲያያዙ በመካከላቸው ሞደም የለም፤ ስለዚህ ምቱን የኬብሉ ዲሲኢ ጫፍ የተሰካበት ራውተር ይሰጣል። የትኛው ጫፍ የት እንደተሰካ «ሾው ኮንትሮለርስ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። ምት ከሌለ ኬብሉ በትክክል ቢሰካም የመስመሩ ፕሮቶኮል አይነሳም። አንዳንድ አዳዲስ ሞጁሎች ክሎክ ሬቱን ራሳቸው ይሞላሉ።

ባንድዊድዝ

የሲስኮ ራውተር ምንም ካልተሞላለት የሲሪያል መስመርን ባንድዊድዝ አብዛኛውን ጊዜ 1544 ኪሎቢት አድርጎ ይወስዳል። ይህ የሰሜን አሜሪካው የቲ1 መስመር መጠን ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ኢ1 ግን 2048 ኪሎቢት ሲሆን እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት የሆኑ 32 ክፍሎች አሉት። ስለዚህ በአገራችን መስመሮች ላይ ቁጥሩን እንደነበረ መተው ራውተሩን ያሳስተዋል።

ራውተሩ መንገድ የሚመርጥባቸው ፕሮቶኮሎች በዚህ ቁጥር ይጠቀማሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦኤስፒኤፍ የመንገድን ዋጋ የሚያሰላው 100,000 ኪሎቢትን ለባንድዊድዙ በማካፈል ነው። ሌላው፣ ኢአይጂአርፒ፣ ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ባንድዊድዝና የመዘግየቶቹን ድምር ይመለከታል። ለራሱ መልእክቶችም እስከ ባንድዊድዙ ግማሽ ሊጠቀም ስለሚችል፣ በቀጭን መስመር ላይ የተጋነነ ቁጥር መስመሩን ሊያጨናንቅ ይችላል።

ማሳያ፦ ከቦንጋ አዲስ አበባ

የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ ጋር የምትገናኘው በጅማ በኩል ባለው መንገድ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክም በተመሳሳይ አቅጣጫ ተዘርግቷል እንበል፤ ቦንጋን ከጅማ፣ ጅማንም ከአዲስ አበባ የሚያገናኙ ሁለት የኢ1 መስመሮች አሉ። ለመጠባበቂያ ደግሞ ቦንጋን በቀጥታ ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ባለ 64 ኪሎቢት መስመር አለ።

ባንድዊድዝ ካልተሞላ ኦኤስፒኤፍ ለሦስቱም መስመሮች 64 ዋጋ ይሰጣል። በጅማ በኩል ያለው መንገድ 128፣ ቀጥታው 64 ይሆናል፤ ዋጋው ያነሰው መንገድ ስለሚመረጥ መረጃው ሁሉ በቀጭኑ መስመር ይጎርፋል። ትክክለኛው ቁጥር ሲሞላ የቀጥታው መስመር ዋጋ 1562 ይሆናል፤ ኢ1ዎቹ እያንዳንዳቸው 48፣ በድምሩ 96 ይሆናሉ። ያን ጊዜ መረጃው በጅማ በኩል ይሄዳል፤ ቀጭኑ መስመርም በእውነት መጠባበቂያ ይሆናል። ምላሹም በዚያው መንገድ እንዲመለስ ቁጥሩ በመስመሩ ሁለቱም ጫፍ መሞላት አለበት።

የዛሬ ጥቅሙ

የፋይበርና የኢተርኔት መስመሮች ሲስፋፉ የሲሪያል ግንኙነት እየቀነሰ መጥቷል፤ ክሎክ ሬት መሙላትም በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የሚሠራ ልምምድ ሆኗል። ባንድዊድዝ ግን ዛሬም ያስፈልጋል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት የተከራየው 10 ሜጋቢት ቢሆንም የራውተሩ ኢተርኔት ወደብ 1 ጊጋቢት ነኝ ሊል ይችላል። የተከራዩትን መጠን በባንድዊድዝ መሙላት ለመንገድ ምርጫና ለአገልግሎት ቅድሚያ አሰጣጥ ትክክለኛ መነሻ ይሆናል።