ከጥርኝ ዝባድ እስከ ፌሬት፦ የእንስሳ ንግድና የኬላ ሕግ

ካሊፎርኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ደውላ፣ «አክስቴ፣ ጁባ ውስጥ ፌሬት ይሸጣል?» አለችኝ። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ፎቶ ላከችልኝ። «ይሄማ ሽለምጥማጥ ነው! ዶሮ ፈጀብን እያልን የምናሳድደው» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አዝናለች፤ እዚያ ማሳደግ ክልክል ነውና።

በዚያው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ኮኞ ኮኞ ገበያ ወዳለው ሱቄ መጣ። በካርቶን የጥርኝ ግልገል ይዟል። ዋጋው ርካሽ ነበር። «ነጭ ደንበኛ ብታገኚ ታተርፊበታለሽ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ገንዘቡ ሳጥን ሄዶ ነበር።

ጥርኝና ፌሬት መልካቸው ቢቀራረብም የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ለእኛ ለነጋዴዎች ግን ጥርኝ የቆየ ታሪክ አላት። ከዕጢዋ የሚወጣው ዝባድ ሽቶ ለማጽናት ስለሚያገለግል ለዘመናት ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር አብሮ ተጉዟል። የሊሙው አያቴ ጥርኞቻቸውን በእንጨት ጎጆ፣ እሳት ባለበት ቤት ያኖሩ ነበር። ሥጋና ገንፎ ያበሏቸዋል፤ በየ10 ቀኑ ገደማ ዝባዱን በማንኪያ ጠርገው በበሬ ቀንድ ያጠራቅማሉ፤ የቀንዱን አፍ በቆዳ ያሽጋሉ። ለእንስሳዋ ከባድ ኑሮ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን የምናየው ቀንዱን ብቻ ነው።

መንገዱም ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 አባ ባጊቦ በገዙት በሊሙ እናርያ፣ ሳቃ ትልቅ የገበያ ከተማ ነበረች። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ደርሶባታል። ከዚያ ጀበርቲ ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳሉ፤ ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወይ ወደ ምጽዋ ወይ በመተማ ወደ ሱዳን ያቀናሉ። በግቤ መንግሥታት ድንበር ኬላ አለ። በኬላው የንጉሡ ሰዎች ዕቃ ይቆጥራሉ፣ ቀረጥ ይቀበላሉ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም የለም። የያኔው ሕግ ጭንቀቱ ለግምጃ ቤቱ እንጂ ለጥርኟ አልነበረም።

ገበያውን የቀየረው ላቦራቶሪ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት በ1920ዎቹ የዝባድን ዋና ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር አወቀ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያለው ምርምር ነው። ቆየት ብሎ ሰው ሠራሹ ሽታ ሲስፋፋና የእንስሳት ተቆርቋሪዎች በጎጆው ኑሮ ላይ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ገዢ ቀነሰ።

ሕጉም ዓላማውን ለወጠ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳይተስ የተባለውን ለጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ተቀላቀለች። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ የዱር እንስሳትንና ውጤታቸውን መያዝና መነገድን በፈቃድ አሰረ። እዚህ ደቡብ ሱዳን የ2003ቱ የዱር እንስሳት ጥበቃና ብሔራዊ ፓርኮች ሕግ አለ፤ ከነፃነቱ ዓመት ከ2011 ወዲህ ደግሞ ጥበቃውን የሚሠራ የዱር እንስሳት አገልግሎት በሕግ ቆሟል።

የፌሬትም ነገር እንዲሁ ነው፤ አገር ሲለወጥ ሕጉ ይለወጣል። እንግሊዝ ውስጥ ማሳደግ ይቻላል፤ ካሊፎርኒያና ሃዋይ ይከለክላሉ፤ ኒው ዮርክ ከተማ በ1999 ከልክላለች፤ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድም እንደዚሁ። ኒውዚላንድ ጥንቸል እንዲያጠፋላት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስገባችው፤ እሱ ግን መብረር የማይችሉ ወፎቿን ፈጀባት። በ2002 መሸጡንና ማራባቱን ከለከለች። ራሷ ያስገባችውን ራሷ ዘጋችበት።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። እጄን የመለሰው የአንዲት ጓደኛዬ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ከጭነቷ መሐል አንድ የዱር እንስሳ ቆዳ ተገኘባትና መኪናው ሙሉ ኬላ ላይ ታገደ። ቆዳው የረዳቱ ነበር፤ የበሰበሰው ሽንኩርት ግን የሷ። «ውሰደው ወንድሜ፣ በኔ ሱቅ አይሆንም» አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጭነት ከመነሳቱ በፊት ሹፌሩንና ረዳቱን «ሕይወት ያለው ነገር፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ዝባድ ይዛችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ያለው ወረቀቱን ያሳይ፤ የሌለው ያውርድ። አያቶቻችን ኬላ ሳይደርሱ ዕቃቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም እንቁጠር።