የመተማን የዕጣን ዛፍ ማን ተከለው?

መተማ ሲባል ትዝ የሚለን የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነትና የአፄ ዮሐንስ ሞት ነው። መልካም፤ ግን በዚያው በመጋቢት ወር ቅጠሉን ሁሉ አርግፎ ራቁቱን የሚቆም የአገሩ ዛፍም ታሪክ አለው። የዕጣን ዛፍ ነው።

ላላወቀው በበጋ የሞተ ይመስላል። ዕጣኑ የሚገኘው ግን ያኔ ነው። ከጥቅምት ግድም ጀምሮ ቆራጮች የግንዱን ልጥ በስሱ ይፍቁታል፤ ሙጫው ያነባል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው የደረቀውን ለቅመው ያንኑ ቁስል ያሰፉታል፤ ዝናቡ እስኪመጣ እንዲህ ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! ጠልቆ የቆረጠ ዛፉን ይጎዳል፤ የተጎዳውን ደግሞ ነቀዝ ይገባበታል። እኛ ቡና ስናፈላ የምናጨሰው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጽና ላይ የሚጤሰው፣ ተጭኖም ባሕር የሚሻገረው ይኸው ሙጫ ነው።

ታዲያ ይህን ዛፍ ማን ተከለው? በረሃው! ሰው ቆረጠ፣ ለቀመ፣ ሸጠ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ደጋውን ሞላው፤ ሰው ተከለዋ። ቻይና ውስጥም ሜታሴኮያ የሚባል፣ የጥድ ወገን ሆኖ ሳለ እንደ ዕጣን ዛፍ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ አለ። ድሮ ጠፍቷል ተብሎ ቅሪቱ ከድንጋይ ውስጥ ብቻ ይታወቅ ነበር። በ1930ዎቹ ዓ.ም. በሕይወት ተገኘ፤ በ1940 ዓ.ም. ዘሩ ለየአገሩ ታደለ፤ ፈጣን አዳጊ ነውና ዛሬ በስንቱ ከተማ መናፈሻ ቆሟል። በትውልድ ቦታው የቀረው ጥቂት ነው፤ ያዳነው የተካይ እጅ ነው።

የኛው ችግኝ በክረምት ብቅ ይላል፤ በበጋ ከላይ ይደርቃል፤ ሥሩ ከተረፈ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል። ዓመታት እንዲህ ይታገላል። በዚህ መሐል ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ይልሰዋል። በ1995 ዓ.ም. ከደጋ የመጣው ሰፋሪና የሰሊጥ እርሻውም ጫካውን ገፉት። ሰፋሪው ምን ያድርግ? መሬት ያለቀበት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ካሉት የዚህ ዛፍ ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ እንደሌለ፣ በ20 ዓመት ውስጥም ምርቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል።

መትከሉ ግን ይቻላል። ወፍራም ቅርንጫፍ ከዝናቡ በፊት ተቆርጦ ቢተከል ሥር ያወጣል፤ የታጠረ ችግኝም ይተርፋል። እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም እንጂ፤ የዛሬው ተካይ ዕጣኑን ለመልቀም ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት፤ እስከዚያ አጥሩን የሚጠብቅለትም ያስፈልገዋል።