የደሴቱ በር
ታንኳና ሞተር ጀልባ በጣና ሐይቅ

በየብስ የሚኖር ሰው አንዱ መንገድ ቢዘጋበት በሌላው ይዞራል፤ ጋራ ቢገጥመው ይወጣል፣ ገደል ቢገጥመው ይወርዳል። የደሴት ሰው ግን ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጀልባ ነው። ስለዚህም የደሴት ሕዝብ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ በር ታሪክ ነው። በሩ በማን እጅ ነው? በምን ዋጋ ይከፈታል? ሳይከፈት ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በጣና ደሴቶች በየዘመኑ ተነሥተዋል፤ በየዘመኑም የተለያየ መልስ አግኝተዋል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን፣ እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በላዩ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከእነዚህ የሚበዙት ገዳማት የተተከሉባቸው ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ደቅ ግን ከሁሉም የሰፋ፣ ገበሬ የሚያርስበት፣ ልጅ የሚወለድበትና የሚያድግበት ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ከዚሁ ደሴት ዳርቻ ይገኛል፤ በአጠገቡ ደግሞ የበርካታ ነገሥታት አፅም የተጠበቀበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ስለ ገዳማቱ ብራናዎችና ሥዕሎች ብዙ ተጽፏል። ብራናውን፣ ቀለሙንና ሠዓሊውን ወደ ደሴቱ ስላሻገረው ታንኳ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቅና በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጣምረው በገመድ ይጠበቁና አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በውስጡም ሌላ የደንገል መደብ ይነጠፋል፤ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከሚሰርገው ውኃ በላይ የሚቀመጡት በዚህ መደብ ላይ ነው። እንጨት አይፈልግም፣ ምስማር አይፈልግም፣ ቢገለበጥም አይሰጥምም። ጉድለቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ሊሞቅ ይገባዋል፤ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ቀዛፊዎችም ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቁ፣ ረጅሙን መንገድ በማለዳው ፀጥታ ለመጨረስ ይጣደፋሉ።

በዚህ ሙያ ከሁሉም በላይ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው። ከዚህ ላይ ታሪክ አንድ መራራ ተቃርኖ ያሳየናል። ወይጦዎች ጉማሬ በማደናቸውና ሥጋውን በመብላታቸው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ተነቅፈው፣ ከማዕድም ከጋብቻም ተገልለው ለዘመናት ኖረዋል። ይሁንና የመኳንንቱ ስንቅ፣ የገዳሙ ዕጣን፣ የዘጌ ቡናና ማገዶ ውኃውን የሚሻገረው በነዚሁ በተነቀፉ እጆች በታሰረ ደንገል ነበር። እጁን የናቀው ኅብረተሰብ ነፍሱን ለዚያው እጅ ሥራ አደራ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ፣ ራ ብሎ ለሰየማት ጀልባ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹን ግን ያስመጣው ከቻድ ሐይቅ ነው። የጣና ደንገል በዓለም ጋዜጦች በተወሳበት በዚያ ዓመት፣ ጣና ዳር ደንገል ሲያስሩ የኖሩት ወይጦዎች ኑሯቸው ከቀድሞው ፈቀቅ አላለም።

ታንኳ ማሻገሪያ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ነበር። ጠላት በመጣ ጊዜ የደሴቱ ሰው ታንኳዎቹን ሁሉ ወደ ራሱ ዳር ከሰበሰበ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ነገሥታትና ነጋዴዎች ንብረታቸውን፣ አብያተ ክርስቲያናት ንዋየ ቅድሳታቸውን ወደ ደሴቶቹ ያሸሹ ነበር። የ16ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ በተረከበት መጽሐፉ የኢማሙ ጦር በጣና ደሴት ላይ ያደረገውን ዘመቻ ገልጿል፤ ፈረሰኛ የሆነ ጦር ሐይቅ ሲገጥመው በቅድሚያ የሚንሳፈፍ ነገር መፈለግ ግድ ይለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን በሚገባ የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። በእጃቸው ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ሰንብተው ሳለ በሰው ጉልበት በሚዞር መንኰራኵር የሚሄዱ ታላላቅ የደንገል ጀልባዎችን አሠርተዋል። መድፍን በጋፋት ያሠራ መንፈስ በጣና ደግሞ መርከብን ሲመኝ እናያለን። ነገር ግን ይኸው ጸሐፊ፣ መማጸኛ ተብላ ትታመን የነበረችው የምጽራሃ ደሴት በዚያው ንጉሥ እጅ በእሳት መጥፋቷንም መዝግቧል። ውኃው የሚጠብቀው ጀልባው በደሴተኛው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ሞተር በሐይቁ ላይ በስፋት የታየው በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ጎርጎራን ወደብ አድርጎ ሰሜኑን ዳር ከደቡቡ ያገናኘው ለደሴተኛው ተጨንቆ ሳይሆን ለጦሩና ለስንቁ ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ጀልባዎቹ የሕዝብ ማመላለሻ ሆኑ፤ በመጀመሪያ ናቪጋታና በሚባል ኩባንያ፣ በኋላም በመንግሥት እጅ በጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ስም አገለገሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የሚነሣው ጀልባ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ሌሎች የዳር መንደሮችን እየነካ፣ በመንገድ አድሮ በማግስቱ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ለደቅ ገበሬ ይህ ቀን ከገበያ ቀን አያንስም፤ እህሉ የሚወጣበት፣ ጨውና ጨርቁ የሚገባበት፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚሄድበት ቀን ነውና።

ታንኳውና ሞተሩ ተፎካከሩ ወይ? በፍጥነትና በጭነት ረገድ ፉክክሩ ገና ሲጀመር ያለቀ ነበር። ይሁን እንጂ ታንኳው አልጠፋም፤ ምክንያቱም ሞተር የሌለው አንድ ጠባይ ነበረው። ታንኳ ነዳጅ አይጠይቅም፣ መለዋወጫ አይጠብቅም፣ የሳምንቱን ቀን አይቆጥርም። ምጥ የያዛት እናት እስከ እሑድ ልትቆይ አትችልም። የሳምንቱ ጀልባ ስድስት ቀን የተዘጋ በር ሲሆን፣ ታንኳው ደካማ ቢሆንም ሁልጊዜ የተገረበበ በር ነበር።

እውነተኛው ፉክክር የመጣው ከየብስ ነው። በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ባሕር ዳርንና ጎንደርን የሚያገናኘው የመኪና መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሻገረው ነጋዴ ጀልባውን ትቶ መኪና ላይ ወጣ። ቀደም ሲል የነጋዴው ክፍያ የደሴተኛውንም ጉዞ ይደግፍ ነበር፤ ነጋዴው ሲወርድ ጀልባው ላይ የቀረው ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ብቻ ሆነ። ከዚያም በኋለኞቹ ዓመታት በባሕር ዳር የግልና የማኅበር ሞተር ጀልባዎች በዙ። እነዚህ ጀልባዎች እርስ በርስ የሚሻሙት በዋነኛነት ለጎብኚው ነበር፤ መንገዳቸውም ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ቅርብ ደሴቶች ነበር። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፉክክር ጀልባን የሚያበዛው ተሳፋሪ በበዛበትና መንገድ ባጠረበት ስፍራ መሆኑ ነው። ከአንድ ዳር አሥር ጀልባ ተሰልፎ ጎብኚ ሲጠብቅ፣ ሩቅ ያለው ደሴተኛ አንዷንም ሳያይ ሊውል ይችላል። ጎብኚው በቀረ ጊዜ ደግሞ ጀልባው አብሮት ይቀራል።

ለበሩ ዋስትና ጀልባ ብቻውን አይበቃም፤ ውኃውም ያስፈልጋል። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ የጨራ ጨራ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. ተጨማሪ መዝጊያዎች ተገጠሙለት። ዓላማው የጢስ ዐባይን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች በቂ ውኃ ማስገኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ድርቅና የውኃው መለቀቅ ተደማምረው ሐይቁ እጅግ ወረደ፤ መርከቦቹም ለአራት ወር ያህል ቆሙ። የከተማው መብራትና የደሴተኛው መሻገሪያ ከአንድ ሐይቅ የሚቀዱ መሆናቸው ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳር ሸፍኖ ታንኳውንም ሞተሩንም ያስራል።

በሌላው ዓለም ያሉ ደሴቶችም በዚሁ ጥያቄ ተፈትነዋል። የአውሮጳ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1992 የአገር ውስጥ የባሕር ማመላለሻን ለፉክክር ሲከፍት፣ የደሴቶችን መስመር በተመለከተ መንግሥታት የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ እንዲጥሉ ፈቅዷል፤ ይኸውም መርከበኛው አትራፊ በሆነውም ባልሆነውም ቀን እንዲሄድ የሚያስገድድ ውል ነው። ይህም ቢሆን ከችግር አያድንም። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የሚያገለግለው ካሌዶኒያን ማክብሬን የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የታዘዘችውና በ2018 ትደርሳለች የተባለችው መርከብ የአራንን ደሴት ሕዝብ ማገልገል የጀመረችው በ2025 ነው። በአንድ ባለቤት እጅ ብቻ ያለ በር ባለቤቱ ሲዘገይ ይዘጋል።

በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ ሁለት የተባለች ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በተሽከርካሪ ተጭና የጣናን መንገድ ያዘች። መርከብ በየብስ፣ በረሃና ተራራ አቋርጣ ወደ ሐይቅ ስትጓዝ ማየት ለብዙዎች ትንግርት ነበር። ደሴተኛው ግን የመርከቧን ግዝፈት ሳይሆን የመመለሻዋን ቀን ይጠይቃል። በትርፍ ጊዜ የምትመጣ፣ በኪሳራ ጊዜ የማትቀር ትሆን ዘንድ ግዴታዋ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል፤ ከጎኗም ሌላ ጀልባ ሊኖር ይገባል። ደንገሉ ሳይመነጠር፣ ደንገል አሳሪው ሳይናቅ፣ ታንኳው ለሙዚየም ሳይሆን ለሕይወት እንዲቆይም ያስፈልጋል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ቁልፉን ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም፤ አላፊ አግዳሚ እንዲጫረትበትም ሜዳ ላይ አይጥለውም።