ከፍሬው ውስጥ የሚሰማ ጥፋት፦ የድምፅ ሴንሰርና የእህል መጋዘን ውሳኔ

የበቆሎ ነቀዝ ጥፋቱን የሚጀምረው ማንም ሳያየው ነው። ሴቷ ነቀዝ በሾለው አፏ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ታስቀምጥና ቀዳዳውን ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ትደፍነዋለች። እጩ የሚያድገውም፣ ወደ ፑፓነት የሚለወጠውም እዚያው ውስጥ ነው። ሙቀቱ ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አምስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጉልምሱ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። ገበሬው ከጎተራው ሥር ዱቄት ሲያይ፣ የመጋዘን ሠራተኛውም ናሙናውን ነፍቶ ነቀዝ ሲያገኝ፣ አንድ ትውልድ በልቶ ጠግቧል። በድምፅ የመለየት ዘዴ ፋይዳው ይህን ጊዜ ማሳጠሩ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ብሬን በደቡብ አፍሪካ ማይክሮፎንና የሬዲዮ ማጉያ ለነፍሳት ጥናት ሊውሉ እንደሚችሉ የጻፈው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። በ1953 ደግሞ በካንሳስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በስንዴ ፍሬ ውስጥ የተደበቀ እጭ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ አጉልተው መስማት እንደቻሉ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አስነበቡ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የፒዞኤሌክትሪክ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ በብረት ዘንግ ጫፍ ይታሰርና ዘንጉ ጆንያው ውስጥ ይሰካል። እጩ የፍሬውን ሥጋ ሲሰብር እያንዳንዷ ንክሻ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ የምትቆይ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ንክሻዎቹ ተከታትለው ይመጡና ጋብ ይላሉ፤ የወፍጮ ሞተር ግን ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን የሚለየው በዚህ አመጣጣቸው ነው።

ትልቁ እንቅፋት ራሱ እህሉ ነው። ድምፅ በፍሬዎቹና በመካከላቸው ባለው አየር ሲያልፍ በፍጥነት ስለሚዳከም የእጭ ድምፅ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ዘንግ የሚያውቀው የተሰካበትን ጆንያ፣ ያውም ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ስሜት ረቂቅነት ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ዘንጉ የት የት ይሰካ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ትኩረት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጣሪያው በሚያፈስበት፣ ክምሩ ግድግዳ በሚነካበት፣ እህሉ በሞቀበት ቦታ መጀመር ይገባል። ሙቀቱም አብሮ ይመዝገብ፤ ነፍሳት በብርድ ስለሚደነዝዙ በቀዝቃዛ ማለዳ ጸጥ ያለ ክምር ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ድምፅ ነቀዝ አለ ወይስ የለም ከማለት አልፎ የሚያስረዳው ነገር እንዳለ ያሳዩት ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አየር በማይገባው ዕቃ ውስጥ የተዘጋ የካውፒ ነቀዝ ሲበላ የሚያወጣውን፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ በመሣሪያ ተከታተሉ። ኦክስጅኑ እያነሰ ሲሄድ የንክሻው ቁጥር ወረደ፣ ኋላም ቆመ። ነቀዝ ውኃ ሳይጠጣ የሚኖረው ምግቡን በኦክስጅን አቃጥሎ በሰውነቱ ውስጥ ውኃ ስለሚያስገኝ ነው፤ ኦክስጅን ሲያጥረው ይህ ምንጭ ይዘጋበትና በድርቀት ይሞታል። ፒክስ የሚባለው አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ያለ አንዳች መርዝ ለምን እንደሚሠራ በዚህ መልኩ ግልጽ ሆነ።

ፒክስ ያልደረሰበት እህል ግን ብዙ ጊዜ በፎስፊን ጋዝ ይታጠናል። በአገራችን ገጠር ቤተሰብና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ጋዙን የሚያመነጨውን እንክብል ጆንያ ውስጥ መጣል ሕይወት ያስከፍላል። ያለልክና ያለ በቂ ማሸግ የሚደጋገም እጥነትም መድኃኒቱን የለመደ ነቀዝ ያፈራል። ሴንሰሩን ለእያንዳንዱ ጎተራ ማደል የሚያዋጣ አይመስለኝም። ቦታው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን ነው፤ እዚያ አንድ የሠለጠነ ሰው በጥቂት ዘንጎች መቼ መታጠን እንዳለበት፣ ከታጠነም በኋላ ሥራው መሳካቱን መወሰን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። ፎስፊንን አጥብቀው የሚቋቋሙት እንቁላልና ፑፓ ናቸው፤ ድምፅ የማያሰሙትም እነዚሁ ናቸው። በታጠነ ማግስት የሚሰማ ጸጥታ እጮቹና ጉልምሶቹ መሞታቸውን ይነግረናል እንጂ ስለተረፈው እንቁላል ምንም አይለንም። በቆላ ሙቀት እንቁላሉ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ ደንዳና ሆኖ ድምፁ የሚጎላው ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ክምሩ በታጠነ ማግስት አንዴ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ዳግመኛ መደመጥ አለበት። ዕድገቱ በሚዘገይበት የደጋ መጋዘን ሁለተኛው ማዳመጫ እንደ ሙቀቱ መጠን ወደኋላ ይገፋል።