የኮኮናት ዶሮና የአማቴ ጥያቄ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጅቡቲ ቤታችን ውስጥ ዶሮ በኮኮናት ወተት፣ በታይላንድ አሠራር ሠራን። ከድሬዳዋ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አንዴ ቀምሰው «መልካም ነው፤ ግን የባሕር ማዶ ነገር ነው» አሉና ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ልጆቼም ወዲያው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው።

ለመሆኑ በእኛ ዶሮ ወጥ ውስጥ ከባሕር ማዶ ያልመጣው የትኛው ነው? የበርበሬ ዘር አገሩ አሜሪካ ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ (እ.ኤ.አ. 1492) በፊት እኛም የታይላንድ ሰዎችም አናውቀውም ነበር፤ ወደ እስያ በዋናነት ያደረሱት የፖርቱጋል መርከቦች ናቸው። እርድና ሄል ከሕንድ፣ ቅርንፉድ ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው። ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው።

የባሕር ሸቀጥ ድሮ ከዘይላ ወደ ሐረር፣ ከታጁራ ወደ ሸዋ በግመል ይወጣ ነበር። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ካቋቋሙ በኋላ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)፤ የዘይላ ገበያም ቀዘቀዘ። አማቴ የተወለዱባት ከተማ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። በነገራችን ላይ፣ የጅቡቲዎቹ «ስኩዴካሪስ» ከካሪ ጋር አይዛመድም፤ በሶማሊኛ አብሮ የተቀቀለ እንደ ማለት ነው። ካሪ ግን ከታሚል ቋንቋ የመጣ ቃል ነው።

አሠራሩም ቢሆን ከቁሌታችን ብዙ አይርቅም። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አብስለን ቅቤውን ኋላ እንጨምራለን። እነሱ ወፍራሙን የኮኮናት ወተት ዘይቱ እስኪለይ ያፈሉና በዚያው ዘይት የተወቀጠውን ቅመም ያቁላላሉ፤ ዶሮው ቀጥሎ፣ ቀጭኑ ወተት መጨረሻ ላይ። የቆርቆሮው ወተት ብዙ ጊዜ ዘይቱን አይለቅምና ትንሽ ዘይት ጨምሩበት።

ይህን ሁሉ ለአማቴ አወራሁላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ «እና ይሄ ወተት የላም አይደለም?» ብለው ጠየቁ። አይደለም አልኳቸው። (የዱቄቱን ዓይነት የምትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፤ አንዳንዱ የከብት ወተት ተዋጽኦ አለበት።)

ሰኞ ከነጋድ ጣቢያ ስሸኛቸው ሻንጣቸው ከብዶኛል። ሦስት ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ይዘዋል፤ ለጾም ሽሮ ሊሞክሩት።